ቅዱስ ያሬድ በጋይንት ምድር፤ እንግዳ የዜማ መምህርን ስለ መቀበል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ እትም እንድጽፍ ተራው ሲደርሰኝ የመረጥኩት የቅዱስ ያሬድን ሕይወት ነው። ስሙን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ግንቦት 11 ቀን በዓሉን እናከብራለን፤ አዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንኳ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ነገር ግን ታሪኩን እንደ ገና በጥሞና እንዳነበው ያደረገኝ ባለፈው ዓመት በመዝሙር ክፍላችን የደረሰው ነገር ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን በግልጽ ልናገር። አንዳንዶቻችሁ ትቀየሙኝ ይሆናል፤ እኔም ከጥፋተኞቹ አንዱ ነኝና ይቅር በሉኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ለሚውለው የንግሥ በዓል እንዲያዘጋጁን አንድ መሪጌታ ከሩቅ ደብር ለምነን አምጥተን ነበር። የመንገዳቸውን ወጪ ያዋጣነው ከየኪሳችን ነው፤ ዶሮ ሸጦ የከፈለም እንዳለ አውቃለሁ። መሪጌታ ከእኛ ዘንድ የቆዩት ስምንት ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን በአቀባበል ሄደ፤ ሁለተኛው ቀን በየቤቱ ግብዣ አለፈ። በቀሩት ስድስት ቀናት እያንዳንዳችን የወደድነውን ወረብ እየጠራን ይህንን ይስጡን፣ ያንን ይጨምሩልን አልናቸው። እሳቸውም ሰው ማሳዘን የማይወዱ አባት ናቸውና አሥራ ዘጠኝ ወረብ ሰጡን። እኛም በስልካችን ቀዳን። ሲሄዱ እስከ መኪናው ድረስ እየዘመርን ሸኘናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ከአሥራ ዘጠኙ አንዱን እንኳ ከዳር እስከ ዳር የሚያወጣ ሰው ታጣ። ቀረጻውን ከፍተን ስንሰማ የመሪጌታ ድምፅ ጥርት ብሎ አለ፤ የእኛ ግን የለም፤ ሲቀዳ ሁላችንም ጸጥ ብለን ነበርና። በበዓሉ ዕለት ያቀረብነው ያንኑ የድሮውን ሁለት መዝሙር ነው። አባቶች ምንም አልተናገሩንም፤ ዝምታቸው ግን ከተግሣጽ ይልቅ ከበደን።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ያነበብኩት እንግዲህ በዚህ ኀዘን ላይ ሳለሁ ነው። ሳነብም ይህ ቅዱስ አስቀድሞ ትምህርት ያቃተው ተማሪ፣ በኋላም ከአገር ወደ አገር የሚሄድ የዜማ መምህር እንደ ነበረ አስተዋልኩ። እኛ የምናውቀው ግን የድርሰቱን ክብር ብቻ ነው።

ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ የአክሱም ሰው ነው። በሊቃውንት ትውፊት ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. እንደ ተወለደ ይነገራል። በልጅነቱ ዘመዱ በሆኑት በአባ ጌዴዎን እጅ ለትምህርት ተሰጠ፤ እሳቸውም በአክሱም ጽዮን ያስተምሩ የነበሩ ካህን ናቸው። ልጁ ግን ትምህርት አልገባው አለ። ባልንጀሮቹ መዝሙረ ዳዊትን እየደገሙ ሲያልፉት እርሱ ወደ ኋላ ቀረ። መምህሩ ቢመክሩት አልሆነም፤ ቢገርፉትም አልሆነም። በመጨረሻ ግርፋቱ ሲበረታበት ጥሎ ሸሸ። (እኔ በበኩሌ ዜማ በግርፋት ይገባል ብዬ አላምንም፤ የጥንቱ ሥርዓት ግን ይህ ነበር።)

በመንገድ ላይ ማይ ኪራሕ በሚባል ስፍራ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ግንዱን ስትወጣ፣ ከመካከል ስትደርስ ስትወድቅ፣ ደግሞ ስትነሣ አየ። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች ይባላል። ሕፃኑ ያሬድም ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ተነሥቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታ ጠይቆ ትምህርቱን እንደ ገና ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ብሉይንና ሐዲስን በጥቂት ጊዜ አጠናቀቀ፤ ዲያቆንም ሆነ።

ይህን ታሪክ ስለ ትሏ ትዕግሥት ሲሰበክ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። እኔ ግን አሁን የማየው ሌላ ነገር ነው። ያሬድ ከሸሸበት ሲመለስ መምህሩ ያው አባ ጌዴዎን ነበሩ፤ መጽሐፉም ያው ዳዊት ነበር። የተለወጠው ልጁ ብቻ ነው። እኛ መዝሙራችን ሲደክም ሁልጊዜ የምንለው ጥሩ አሠልጣኝ ቢመጣልን ነው። ባለፈው ዓመት መጣልን።

ስንክሳሩ እንደሚተርከው፣ ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ሦስት አዕዋፍን ከኤዶም ገነት ላከለት፤ በሰው አንደበትም አነጋገሩት። ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ተነጥቆ ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ የሚያመሰግኑበትን ዜማ ሰማ። ሲመለስ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አዜመ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ አባቶችም በሦስትነት ይመስሏቸዋል፤ ግዕዝን በአብ፣ ዕዝልን በወልድ፣ አራራይን በመንፈስ ቅዱስ። ድርሰቶቹም አምስት መጻሕፍት ናቸው፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት። ድጓው የዓመቱን በዓላት ሁሉ ዘመን በዘመን ያካተተ ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ጾመ ድጓው ለዐቢይ ጾም ነው፤ ምዕራፉ ከዳዊት መዝሙር ጋር ይሄዳል፤ ዝማሬው ከቍርባን በኋላ ይዜማል፤ መዋሥዕቱ ደግሞ በተለይ ለሙታን ጸሎትና መታሰቢያ ነው። ወጣቶች ብዙ ጊዜ ድጓን ብቻ የያሬድ ድርሰት አድርገን እንቈጥራለንና ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ትውፊቱ እንደሚለው ከዐፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ጣና ቂርቆስ ወርዶ ነበር። ወደ እኛም አገር መጥቷል። ጋይንት ውስጥ ዙር አምባ የሚባለውን ገዳም ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎች ዙር አባ ይሉታል። ሦስቱም ወደዚያ አምባ ወጥተው እንደ ተቀመጡ፣ ቅዱስ ያሬድም ዝማሬውን በዚያ እንደ ደረሰና እንዳስተማረ አባቶች ሲያወርዱት የመጣ ታሪክ ነው። ገዳሙም እስከ ዛሬ በአቡነ አረጋዊ ስም ይጠራል።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እንግዳው ቅዱስ ያሬድ ነው። ከእርሱ የሚበልጥ የዜማ መምህር በአገራችን አልተነሣም። አምባው ላይ የነበሩት ሰዎች እንደ እኛ ቢሆኑ ኖሮ ድጓውንም፣ ጾመ ድጓውንም፣ ምዕራፉንም ይስጡን ባሉ ነበር። ጸንቶ የቀረላቸው ግን ዝማሬው ነው፤ ከእርሱም ጋር መዋሥዕቱ። ዝማሬ ሰፊ መጽሐፍ አይደለም፤ ከድጓ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ክፍሉም አምስት ነው፤ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴት፣ ምሥጢር። ሆኖም ያችን ትንሿን አጥብቀው ስለ ያዟት ከሸዋም ይሁን ከጎጃም፣ ከወሎም ይሁን ከትግሬ ዝማሬ መዋሥዕት ለማስመስከር የሚፈልግ ሁሉ አኮፋዳውን ተሸክሞ የጉናን ብርድ ችሎ ወደ ዙር አምባ ሲመጣ ኖረ።

የሌሎቹንም ጉባኤ ቤቶች ብታዩ እንዲሁ ነው። ድጓን ለማስመስከር የሚሄደው ወደ ቤተልሔም ነው፤ እርሷም እዚሁ ጋይንት ናት። አቋቋም በጎንደር በአታ ነው። ቅዳሴ በወሎ ሰለልኩላና በትግራይ ደብረ ዓባይ ነው። ቅኔም በዋድላ፣ በዋሸራና በጎንጂ ነው። ሁሉን ልያዝ ያለ ደብር የለም። እያንዳንዱ ከአባቶቹ የተቀበለውን አንዱን ነገር ይዞ ሌላውን ፍለጋ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። እኛ በስድስት ቀን አሥራ ዘጠኝ ወረብ ስንጠይቅ ከእነዚህ ጉባኤ ቤቶች በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ላይ ነበርን። ይህ ነገር አሁንም ያሳፍረኛል።

ደግሞስ እንዴት ያዙት? ይህን መጠየቅ ይገባል። በቅዱስ ያሬድ ዘመን ዛሬ በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የምናያቸው የዜማ ምልክቶች አልነበሩም። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ እያልን የምንጠራቸው ምልክቶች የተሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም ከ1540 እስከ 1559 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባለው ጊዜ፣ በተድባበ ማርያም በነበሩት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። ከቅዱስ ያሬድ እስከ እነርሱ ድረስ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ነው። ያን ሁሉ ዘመን ዜማው የተጓዘው ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አፍ ነው። አንድ ትውልድ ሰምቶ ዝም ቢል ኖሮ ዛሬ የምናዜመው አይኖርም ነበር።

የዜማ ቤት ተማሪ ሲማር ያየ ሰው ይህ እንዴት እንደ ተቻለ ይገባዋል። የኔታ አንድ ቀለም ይሰጣሉ፤ ተማሪው ወዲያው በራሱ አፍ ይመልሰዋል። ከተሳሳተ እዚያው ያርሙታል። ከዚያ ወደ ጎጆው ወይም ወደ ዛፍ ሥር ሄዶ እስኪሰለቸው ይቀጽለዋል። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ታናናሾቹን ያስቀጽላሉ፤ የኔታ ለሁሉ አይደርሱምና። በማግሥቱ የትናንቱን ሳያሰማ አዲስ ቀለም አይሰጠውም። ዜማውም ከንባብ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ንባቡን በቅጡ የማያውቅ ሰው ዜማ ልማር ቢል አይሰሙትም። እኛ ግን መሪጌታን ንባብ ስናስነብባቸው ሦስት ቀን ፈጀን። ያን ንባብ እኮ እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ማንም ዲያቆን ሊያስጠናን ይችል ነበር።

ሌላም ስሕተት ሠርተናል። ከመካከላችን የጎንደሩን ወረብ የለመደ አለ፤ ከሌላ አካባቢ መጥቶ የአጫብሩን የሚያውቅም አለ። መሪጌታ አንዱን ሲያርሙ የእኛ እንዲህ አይደለም እያልን ተከራከርናቸው። የሁለቱም ሥር ያው የያሬድ ዜማ ነው፤ መንገዱ ግን ይለያያል። መምህር ከጋበዙ በኋላ በእሳቸው መንገድ መሄድ እንጂ በየመስመሩ መከራከር ቀኑን ይበላል። አንድ ከሰዓት በኋላ እንዳለ በዚህ አለቀ።

አሁን ወደ አክሱም እንመለስ። ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ ይልቅ የሚታወቀው ይህኛው ክፍል ነው። አንድ ቀን በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው እጅግ ተመሰጠ። በእጁ የያዘውን ጦር የተከለው በቅዱሱ እግር ላይ መሆኑን አላወቀም። ቅዱስ ያሬድም በተመስጦ ነበርና አልተሰማውም፤ ደሙ እየፈሰሰ እስከ ፍጻሜው አዜመ። ንጉሡ ዜማው ሲያልቅ አይቶ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቀለ። ስለ ደሙ ካሣ የፈለገውን ሁሉ ሊሰጠው ቃል ገባለት። ቅዱስ ያሬድ የለመነው ወርቅ ወይም ሹመት አልነበረም። ወደ ገዳም ሄጄ ልመንኩስ፤ አሰናብተኝ አለው። ንጉሡ አዘነ፤ ነገር ግን በቃል ኪዳኑ ስለ ታሰረ ማስቀረት አልቻለም።

የቅዱሱ ተመስጦ ከምናስበው በላይ ነውና ስለ እርሱ ብዙ ለመናገር አልደፍርም። ስለ አድማጮቹ ግን አንድ ነገር ላንሣ። በዚያ ቀን በአክሱም ንጉሡ ነበረ፣ ንግሥቲቱ ነበረች፣ ጳጳሱና ካህናቱ መኳንንቱም ነበሩ። ሁሉም ሰሙ፤ ሁሉም ተደነቁ። መደነቃቸው ግን መምህሩን አላስቀረላቸውም። ዜማው ለእኛ የደረሰው ከተደነቁት መካከል ቀለም በተቀበሉት፣ ስሕተታቸውን በታረሙት፣ ሌሊት ሲደግሙ ባደሩት ደቀ መዛሙርት በኩል ነው። እኛ መሪጌታን እንደ ንጉሡ ተቀበልናቸው እንጂ እንደ ተማሪ አልተቀበልናቸውም። ሲያዜሙ እናጨበጭብ ነበር፤ ደግመው እንዲያዜሙልን እንለምን ነበር። በስምንቱ ቀን ውስጥ የእኛን ድምፅ ለብቻው የሰሙት ስንት ጊዜ ነው? እኔ የማስታውሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ጉሮሯቸው ነቅቶ በሻይ ሲያለሰልሱም ደግመው ያሰሙን እያልን አስቸግረናቸዋል።

ቅዱስ ያሬድ ከንጉሡ ከተሰናበተ በኋላ በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃን የሚባለውን የእመቤታችንን ምስጋና አደረሰ፤ ሲያደርስም አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ከፍ ብሎ ታየ ይላል ታሪኩ። ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። በብርዱና በጭጋጉ አገር በጾምና በጸሎት ተወስኖ፣ የመጡለትንም እያስተማረ ኖረ። በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀን በዚያው እንደ ተሰወረ ይነገራል። አክሱም ዳግመኛ አላየችውም፤ ዙር አምባም አላየችውም። ዝማሬው ግን በዙር አምባ ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ መምህሩ ሲሄድ የሚቀጥሉት ሰዎች በቦታው ነበሩና።

የእኛ ነገር በዚህም ረገድ የተበላሸ ነበር። ባለፈው ዓመት ከሁላችን ይልቅ ዜማው የገባቸው አራቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ፈተና እንደ ጨረሱ ሁለቱ ወደ ስማዳ ወገዳ፣ ሁለቱ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ወደየወላጆቻቸው ሄዱ። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ እንደሚሄዱ ሁላችን እናውቅ ነበር። ለመሪጌታ ግን ማን ቀሪ እንደ ሆነ አልነገርናቸውም፤ እሳቸውም ጎበዙን አይተው ለጎበዙ ሰጡ። ቀስ የሚለው ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖረው ልጅ ከኋላ ቆሞ ቀረ። ያሬድም በልጅነቱ ከኋላ ቆመው ከሚቀሩት አንዱ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

መሪጌታ ዘንድሮም ለአምስት ቀን ሊመጡልን ፈቅደዋል። ባለፈው ሳምንት የመዝሙር ክፍሉ ተሰብስቦ ረጅም ክርክር ካደረገ በኋላ የተስማማንበትን ልንገራችሁ። የምንጠይቃቸው ሁለት ወረብ ብቻ ነው፤ አንዱ ለንግሡ፣ አንዱ ለዘመነ ጽጌ። ሦስተኛ ይጨመር ያሉ ብዙ ነበሩ፤ ሁለቱን ከአራተኛው ቀን በፊት ያለ እሳቸው መሪነት ካወጣን ይጨመራል ተብሎ ተዘጋ። ግብዣው በመጨረሻው ቀን ማታ አንድ ጊዜ ብቻ በአዳራሹ ይሆናል፤ በየቤታችሁ ልትጠሯቸው ያሰባችሁ እናቶችን ቀድማችሁ አስረዱልን፤ እንዳይቀየሙ። ክረምትም በጋም እዚሁ የሚቀሩ ሦስት ልጆች ተመርጠዋል፤ ከመሪጌታ ቀጥሎ የሚያስቀጽሉን እነርሱ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ድምፁ ሻካራ ነው ብላችሁ ያጉረመረማችሁ አላችሁ፤ ልጁ ግን ከጥናት ቀርቶ አያውቅም። ስልክ የሚከፈተው በአምስተኛው ቀን ብቻ ነው፤ የሚቀዳውም የእኛ ድምፅ ነው፤ መሪጌታ ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ እኛ በከበሮና በጸናጽል እናወጣለን፤ የሚያርሙትም ነገር አብሮ ይቀዳል።

የሁለቱ ወረብ ንባብ ከዚህ ጋዜጣ ጋር በሌላ ወረቀት ለየሰዉ ይታደላል። መሪጌታ የሚደርሱት ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ ንባቡን በቃላችሁ ይዛችሁ ለዲያቆናቱ አሰሙ፤ ያላሰማ ሰው ሐሙስ ከኋላ ተቀምጦ ንባቡን ያጠናል።